ከሀራሙስ እስከ ባሕር ዳር

በጂቡቲ ከተማ፣ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ በባሕሩ ዳርቻ ሀራሙስ የሚባል ሠፈር አለ። ባለጸጎችና ዲፕሎማቶች የሚኖሩበት ነው። እኅቴ በዚያ በአንድ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብትመጡ መልካም ነው» አለ ወንድማችን። ያገራችን ሰው መርዶን በስልክ አይናገርምና ነገሩ ገባን። እኅቴ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። «ለቀብሩ እንደርስ ይሆን?» ብቻ አለችኝ።

ከቤቱ ልጆች የትምህርት ካርታ ላይ ክር ዘርግቼ ለካሁ። ሁለቱ ከተሞች በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትይዩ ናቸው። ክሩ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተከትሎ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አካባቢ አልፎ፣ የአፋርን በረሃና የወሎን ተራሮች አቋርጦ፣ ጉናን በስተቀኝ ትቶ ጣና ዳር ደረሰ። 635 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጄት አውሮፕላን ይህን ከአንድ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል። እኅቴ ይህን ስትሰማ ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች።

ዳሩ ግን መንገደኛ በክር አይሄድም። የተለመደው ጉዞ በቦሌ በኩል ነው፤ ከአምቡሊ እስከ ቦሌ 555፣ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጣና ወደ ጂቡቲ የሚሄዱ ጥቂት ሰዎች አንድ አውሮፕላን አይሞሉም፤ ቦሌ ላይ ግን የብዙ ከተማ ሰው ይሰበሰባል። ቀድሞም ቢሆን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የጂቡቲን መንገድ ወደ መዲናይቱ ስቦት ነበር።

በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 330 ኪሎ ሜትር የ25 ደቂቃ መንገድ ነው። ሆኖም ቲኬቱ አንድ ሰዓት ያህል ይመድብለታል፤ በመሬት ላይ ማዝገሙ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ፍጥነት ቀንሶ መውረዱና ለማረፍ ተራ መጠበቁ ሁሉ ይቆጠራልና። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ረጅም ይንደረደራል። አምቡሊ ከባሕሩ እኩል ቢሆንም የሐምሌ ሙቀቱ አየሩን እንዲሁ ያሳሳዋል።

እግረ መንገዴን ለባለትዳሮች አንድ ነገር ላስታውስ፦ የጂቡቲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፤ ግን ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና 9፡30 ቢል የጧቱ 3፡30 መሆኑን ልብ በሉ። ሰው በዚህ ብቻ ጉዞው ያመልጠዋል።

የእኛ ቲኬት 15፡30 ይል ነበር፤ ከቀትር በኋላ 9፡30 ማለት ነው። ቦሌ ስንደርስ የዕለቱ የመጨረሻ የባሕር ዳር በረራ መቀመጫው ሞልቶ ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ አሳለፍነው፤ እኅቴ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

የጧቱ በረራ 2 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር አደረሰን። ከስልኩ ጥሪ 26 ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የነበርነው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ወንድማችን ነጠላውን ዘቅዝቆ በር ላይ ቆሟል። የእድራችን ሽማግሌዎች «የጂቡቲዋ ልጅ ትድረስ» ብለው ቀብሩን ለዚያ ቀን 6 ሰዓት አቆይተውት ኖሯል።