ስሙ የጠፋበት እንሰት

እንሰት ስሙን በግንባሩ ጽፎ አይበቅልም። ለብዙዎቻችን ከተሜዎች ሁሉም «ኮባ» ነው፤ ሙዝ የሚመስል ግን ሙዝ የማያፈራ፣ ቅጠሉ ለዳቦ መጠቅለያ የሚሆን ተክል። ለጓሮዋ እመቤት ለዶርዜ ሴት ግን እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ለቆጮው፣ አንዱ ተቀቅሎ ለሚበላው አምቾው፣ ሌላው ለቃጫው ይተከላል። አጥንት ለተሰበረ ሰው ተለይቶ የሚፈለግም አለ። ይህን ሁሉ የሚለየው ስሙ ነው።

ከአርባ ምንጭ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተው፣ ቆላው ከታች ቀርቶ ጉምና ብርድ ሲቀበልዎ ዶርዜ ደረሱ ማለት ነው። የአያቴ ግቢ እዚያ ነው። እርሷ ካረፈች በኋላ ጓሮው ለአክስቴ ቀረ፤ በአንዱ ጥግ ግን አክስቴም ስሙን የማታውቀው አንድ እንሰት ቆሞ ነበር። ግንዱ ጠቆር ያለ፣ የቅጠሉ አከርካሪ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ በግቢው ውስጥ ወንድም እህት የሌለው።

ሁለት ጎረቤት እናቶችን አስጠራን። የመጀመሪያዋ አከርካሪውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ስም ሰጡት። ሁለተኛዋ ግንዱን ከላይ እስከ ታች አይተው ሌላ ስም ሰጡት። «እርሱማ አከርካሪው እንዲህ አይቀላም!» ተባባሉ። እስኪስማሙ ድረስ ስሞቹን እዚህ ባልጽፍ ይሻላል፤ ክርክሩ የሚፈታው ቆጮው ሲቀመስ ነው ብለዋልና።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለመቅመስ መንቀል አለ፤ የተነቀለ ደግሞ አይመለስም። ቢተዉትም እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። የጓሮ እንሰት ከዘር ሳይሆን ከአምቾው ስለሚራባ፣ የመጨረሻው ግንድ ሲወድቅ ዝርያው ከዚያ ግቢ ተነቀለ ማለት ነው። በዚህ ላይ በ1968 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በሳይንስ ጽሑፍ የመዘገቡት የአጠውልግ በሽታ አለ። በበሽተኛ ተክል ላይ የዋለ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ይጋባል። ዝርያዎቹ በሽታውን የመቋቋም አቅማቸው እኩል አይደለም። የትኛው ጠንካራ እንደሆነ በጓሮ የሚታወቀው በስሙ ነው፤ ስሙ ከጠፋ ያ እውቀት አብሮ ይጠፋል።

«ስሙ ይቆየን፣ መጀመሪያ ይውለድ» አለች አክስቴ። ገና ሳያብብ ተቆረጠ። ቢላዋው በእሳት ተለበለበ፤ አምቾው ለሁለት ተከፈለ፤ መሐሉ ላይ ያለው የማደጊያ እምብርት ተፈልፍሎ ወጣ። ካልወጣ ያው አንዱ ተመልሶ ያድጋል እንጂ ልጆች አይሰጥም። ከዚያ ፍግ በበዛበት ጉድጓድ ተቀበረ። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ቡቃያ በቡቃያ ሆነ፤ ሁሉም ጠቆር ያሉ፣ አከርካሪያቸው ቀላ ያለ፣ ቁርጥ እናታቸውን።

በወላይታ ያለው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የእንሰት ዝርያዎችን ሰብስቦ ይተክላል። ደግ ሥራ ነው። ሆኖም አንዱ እንሰት በሁለት መንደር ሁለት ስም፣ ሁለት እንሰት በአንድ ስም የሚጠሩበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚፈታው ሲተክሉ፣ ሲፍቁና ሲጋግሩ የኖሩት እናቶች ምስክርነት ነው። መዝገቡ እነርሱ ናቸው፤ መዝገቡም እያረጀ ነው።

ችግኞቹን አክስቴ ለሁለቱም ጎረቤቶች አከፋፈለች። እያንዳንዳቸው በየጓሯቸው በየራሳቸው ስም እየጠሩ ያሳድጓቸዋል። እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጃል፤ ፍርዱ ያን ጊዜ ምጣድ ላይ ይሰጣል። እስከዚያው እንሰቱ ስም አልባ መሆኑ ቀርቶ ባለ ሁለት ስም ሆኗል።