«መቼ ነው ቆርጠው የሚያወጡለት?» ከአንድ አስታማሚ ተሞክሮ

ታላቅ ወንድሜ ጉና ሥር ገብስና ድንች እያመረተ ልጆች ያሳደገ ገበሬ ነው። ከፊንጢጣው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ካንሰር ሲገኝበት ማስታመሙ ለእኔ ደረሰ፤ ደብረ ታቦር የምኖረውም፣ ወረቀት አንብቤ ሐኪም የማነጋግረውም እኔ ነኝና። ከዘመድ አዝማድ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «መቼ ነው ቆርጠው የሚያወጡለት?» እኔ የምጽፈው ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ሰው እንደ ሕክምና አይቆጥረውም፤ ግማሹ ሕክምና ግን እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

1. ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

በእኛ አገር ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ ለማንም አይናገርም። ሲናገር «ኪንታሮት ነው» ይሉታል፤ ገበያ ወጥቶ ሥር ይገዛል። ክሊኒክ ከሄደም የአሜባ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ወንድሜም ደጋግሞ ውጧል። ደሙ አልቆም ካለ፣ ደጅ ተቀምጦ «አልወጣልህ» ካለው፣ ሰገራው እየቀጠነ ከሄደ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በጣቱ ይመርምረው። ማሽን አያስፈልገውም፣ ጊዜም አይፈጅም፤ ታች ያለ ዕጢ ብዙውን ጊዜ በጣት ይገኛል። ወንድሜ ነውር ሆኖበት እምቢ ብሎ ነበር። ያሳመኑት ሐኪሙ ሳይሆኑ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ የእስቴ ሽማግሌ ናቸው። «እኔም ተመርምሬያለሁ፣ ምን ጎደለብኝ?» አሉት።

2. ቢላዋው የዘገየው በምክንያት ነው

ወንድሜ «ገንዘባችን እስኪያልቅ ነው የሚያመላልሱን» የሚል ጥርጣሬ ነበረው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችው። የአንጀቱ ጫፍ ያለው በዳሌ አጥንት መካከል፣ ፊኛና ሌሎች አካላት በተጠጉበት ጠባብ ቦታ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን በዙሪያው ከሸፈነው ስብ ጋር ሳይቀድ ማውጣት አለበት። ዕጢው ከስቡ ጠርዝ ከደረሰ ግን እጁ የቱንም ያህል ቢሠለጥን የሚቀር ነገር ይኖራል፤ የቀረውም እዚያው ያድጋል። ጨረርና ኬሞ የሚቀድሙት ዕጢውን አሳንሰው ከጠርዙ እንዲያርቁት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ጨረርና ኬሞውን ከኦፕራሲዮን በፊት ከወሰዱት መካከል በ5 ዓመት ውስጥ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው ከ100 ስድስቱ ናቸው፤ በኋላ ከወሰዱት ደግሞ 13ቱ። በሕይወት በመቆየት በኩል ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ይህንንም አልደበቅኩትም፤ ገበሬ የሚዘራውን ዘር አይቶ ነው የሚገዛው።

3. ኤምአርአይ ሳይነሳ መወሰን የለም

ሲቲ ስካኑ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ መሄድ አለመሄዱን ያያል። ዕጢው በዳሌ ውስጥ የት ድረስ እንደዘለቀ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ገና ጅምር ላይ የተያዘ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ሊሄድ ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ላይ ካሉት የተመረጡት ጨረሩ ቀርቶ ኬሞ ብቻ ወስደው ወደ ኦፕራሲዮን ቢሄዱ ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። የጨረር ማሽን ብርቅ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ለወንድሜ ግን አልሆነም፤ የእሱ ዕጢ ጠርዝ ነክቷል።

4. ኬሞውና የጉና ብርድ

የጨረር ወረፋ እስኪደርስ ኬሞ ጀመሩለት። ጎንደርም ባሕር ዳርም ስለሚሰጥ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አላስፈለገም። በክንዱ ከሚገባው አንዱ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል መድኃኒት ነው። ማስመለሱን ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል፤ ይህኛው ግን ከብርድ ጋር ጠበኛ ነው። በነጋታው ጠዋት ወንድሜ ፊቱን ሊታጠብ ጀሪካኑን ሲያነሳ እጁ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ተንዘረዘረ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጎነጭ ጉሮሮው የተዘጋ መሰለው። ቤቱ በሙሉ ተደናገጠ። የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል፣ በየዙሩ ግን እየበረታ ይሄዳል፤ የጣት መደንዘዝ ሳይለቅ ከቆየ ለሐኪም መነገር አለበት፣ መጠኑ ይቀነሳል። እዚህ ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። የሱፍ ጓንት ገዛን፤ ለብ ያለ ውሃ በፔርሙስ ከአልጋው ሥር አስቀመጥን፤ ማረሻ በባዶ እጁ እንዳይነካ ልጆቹን አዘዝን።

ጠበል ላይ ክርክር ነበር። እኔ ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ ከሚሉት አይደለሁም፤ አቡነ ጳውሎስም በጊዜያቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። በንጋት ብርድ ገላን መጠመቅ ግን ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሆንም። የንስሐ አባቱ ነገሩን ሲሰሙ ጠበሉን በቤት ለብ አድርጎ እንዲጠጣ ፈቀዱ፤ ጾሙንም እስኪያገግም አነሱለት። እሳቸውን ከሐኪሙ በፊት ማማከራችን በጀን።

5. ጨረር፦ 5 ቀን ወይስ 28?

ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ሌሎችም ጀምረዋል፤ ሆኖም ወረፋው ረጅም ነው። ረጅሙ ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በትንሽ በትንሹ 28 ጊዜ ገደማ ይሰጣል፤ አብሮት ጠዋትና ማታ ካፔሲታቢን የሚባል ክኒን ይዋጣል። አጭሩ በጠንካራ መጠን በ5 ቀን ያልቃል። ከጋይንት ወይም ከስማዳ ለሚመጣ፣ መንገድ ሊዘጋበት ለሚችል፣ የአዲስ አበባ አልጋ በቀን ለሚከፍል ሰው ልዩነቱ የበሬ ዋጋ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውሮፓ ጥናት አጭሩ ጨረር ኬሞ ከተከተለው ዕጢው ጨርሶ የጠፋላቸውን ከ100 ከ14 ወደ 28 ከፍ እንዳደረገ አሳየ። በቆይታ ግን በዚያው ቦታ መመለሱ በአጭሩ መንገድ ትንሽ በዝቶ ታይቷል። ምርጫው የሐኪሙ ነው፤ የት እንደምትኖሩና መንገዱ እንዴት እንደሆነ መንገር ግን የእናንተ ነው። ካልነገራችሁት አያውቅም።

ለመውለድ የሚያስቡ ወጣቶች ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ፤ ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር መካን ሊያደርግ ይችላል። ይህን ለመጠየቅ ማፈር በኋላ ያስለቅሳል።

6. ደህና የሆነ ሲመስለው

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ጨረሩ እንዳለቀ ጥቂት ተቅማጥና ማቃጠል ነበረበት። ከዚያ ደሙ ቆመ፣ መቀመጥ ቻለ፣ ምግብ በላ። ኦፕራሲዮኑ የተቀጠረው ግን ለሳምንታት ዘግይቶ ነው። ጨረር ሥራውን የሚጨርሰው ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ስለሆነ ዕጢው እስኪሟሽሽ፣ ሥጋውም እስኪያገግም ይጠበቃል። እነዚያ ሳምንታት ከመኸር ጋር ገጠሙ። «ድኛለሁ፤ የዳነ ሰው ምን ሊሆን ይቆረጣል?» አለ፤ ገብሱን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ «ለፋሲካ እሄዳለሁ» ሆነ ንግግሩ። ጎረቤቱም «ቢላዋ ከነካው ይነሳል» እያለ አጸናለት። ከጨረር በኋላ ደህና ሆነናል ብለው ቀርተው ዕጢው ሲያድግ የሚመለሱ ብዙ እንደሆኑ ነርሶቹ ነግረውኛል።

በክርክር አልተረታም። የረታው ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው፤ ዕጢው ከግማሽ በላይ ቢያንስም ቀሪው በምስሉ ላይ ይታይ ነበር። ሐኪሙ በጣቱ እያሳየ «ይቺ ናት የምትበቅለው» አለው።

ዕጢው ጨርሶ የጠፋላቸው አሉ። ብራዚላዊቷ ቀዶ ሐኪም አንጄሊታ ሃብር-ጋማ እንዲህ ያሉትን ሳትቀድ መከታተል የጀመረች ናት፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ክትትሉ ግን በየጥቂት ወሩ ካሜራና ኤምአርአይ ይጠይቃል፤ ከደጋ መንደር ሆኖ ይህን መጠበቅ ከኦፕራሲዮኑ ሊከብድ ይችላል።

7. ሪፈርና ጤና መድን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች፤ ስለዚህ በዞናችን የመድኑን ደብተር የማያውቅ የለም። ደብተሩ የሚሠራው ግን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈሩን ተከትሎ ለሄደ ነው። ወረዳው ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ሳትሳፈሩ ጠይቁ። የባዮፕሲውን (የሥጋ ናሙናውን) ውጤት ኮፒ አድርጉ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲም ከእጃችሁ አታውጡት።

8. ምልክቱ የሚደረግበት ቦታ

ዕጢው በጣም ታች ከሆነ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል፤ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው። ይህን የሰማ ሰው ከሞት ይልቅ እሱን ይፈራል። የከረጢቱ ቦታ ሕመምተኛው ሳይተኛ፣ ልብሱን ለብሶ እያለ ቢመረጥ ይሻላል፤ ቀበቶ በሚያርፍበት ወይም ሆድ በሚታጠፍበት ከዋለ ያፈሳል። ወንድሜ እስክሪብቶ ይዞ የመጣውን ሐኪም፦ «ዶክተር፣ እኔ የማርሰው ጎንበስ ብዬ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር የምሸከመውም በቀኝ ትከሻዬ ነው» አለው። ሐኪሙ ቁጭ በል አለው፤ ተነሳ፣ ጎንበስ በል፣ እጅህን አንሳ አለው። ከዚያ ከቀበቶው ትንሽ ዝቅ አድርጎ በግራው በኩል አከበበበት።