ከሚንበር የወረደ ቃል

ሰባኪ ማለት አንደበቱ የተባ ሰው ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በፎገራ ሜዳ፥ በወረታ ከተማ ያየሁት የእስልምና መምህራን አኗኗር ስብከት በእግርም ጭምር የሚፈጸም ሥራ መሆኑን አስረድቶኛል።

ዓርብ ቀን በጁምዓ ስግደት ኢማሙ ከሚንበር ላይ ቆሞ ኹጥባውን ሲያሰማ ጀመዓው ጸጥ ብሎ ማድመጥ ግዴታው ነው። ስለዚህ ቃሉ በሰሚው ልብ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ የሚቻለው፥ ሸኹ ወርዶ ከሰው ጋር ሲቀላቀል ነው። አንድ ሽማግሌ ሸኽ ከስግደቱ በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ ቆመው፥ «እናትህን ተሻላቸው ወይ? የጠፋው በሬስ ተገኘ?» እያሉ እያንዳንዱን በስሙ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ሩዝ በፎገራ መዘራት ከጀመረበት ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ፥ ቀድሞ ውኃ ይተኛበት የነበረው ረግረግ ዋጋ ያለው ማሳ ሆኗል። በዚህ ማሳ ወሰን ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ታናሹ ከጁምዓ ቀረ። ሸኹ ስለ ጠቡ በሚንበር ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩም። በክረምት ጭቃ እየረገጡ እማሳው ድረስ ሄደው፥ «ልጄ፥ ቦታህን ባዶ ባየው ጊዜ መጣሁ» አሉት። ነገሩን በሕዝብ ፊት አውጥተውት ቢሆን ኖሮ፥ ሰውየው ከኀፍረት የተነሣ ከወንድሙም ከመስጊዱም እንደ ተለየ በቀረ ነበር። በሳምንቱ ወደ ስግደቱ ተመለሰ፤ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ ግን ሌላ አንድ ክረምት ፈጀበት።

ይህ ልማድ በወረታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በወሎ እነ ሸኽ ጠልሃ ጃዕፈር ዓረብኛ ለማያውቀው ባላገር በአማርኛ መንዙማ ደርሰውለታል። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጕሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነውና፥ ከዚያ አስቀድሞ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ መጽሐፉን ይፈታለት የነበረው ጎረቤቱ ሸኽ ነበረ።

ዛሬ የወረታ ወጣት ከአዲስ አበባም ከመካም የሚመጣውን ስብከት በእጅ ስልኩ ያደምጣል። ከሩቅ ሊቃውንት መማር መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በስልክ የሚሰማው ሰባኪ ማን እንደ ቀረ አያውቅም፤ የታመመውንም አይጠይቅም።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ተማሪ ሲቀር መምህሩ በመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ባለ ጉዳይ ሲቀር ሹሙ ፋይሉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ተነሥተን የቀረውን ሰው የምንፈልግ ስንቶቻችን ነን?