ውሃ የነፈግነው ፒያኖ

ድህነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቆጨኝም ነበር። ያ ፒያኖ የጠፋው ገንዘብ ታጥቶ አይደለም፤ ነጋሪ ጠፍቶም አይደለም። የፒያኖ ቃኚው ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ተናግሮ ነበር። እኛ ግን ሽማግሌው ነገር ያበዛል ብለን ቡና አጠጥተን ሸኘነው።

ነገሩ የሆነው ሚኒሶታ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ጎረቤታቸው የነበሩ የሙዚቃ መምህርት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱበትን ግራንድ ፒያኖ «ልጅቷ ትማርበት» ብለው ለእህቴ ልጅ በነፃ ሰጧት። እንዲህ ያለ በረከት ስንት ጊዜ ደጅ ያንኳኳል?

ቃኚው የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤቱ አየር እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ከ40 እስከ 50 በመቶ መሃል እንዲቆይ። ልክ ነበር። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ውጭ ሳለ የሚችለውን ያህል እርጥበት ይዞ የነበረ እንኳ ቢሆን፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል። የድስቱ እንፋሎት፣ የገላ መታጠቢያውና የሰው ትንፋሽ ጥቂት ይደጉሙታል እንጂ አያድኑትም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ያው ቤት በወበቅ ይታፈናል።

ይህ መፈራረቅ ነው ፒያኖን የሚገድለው። ከክሮቹ ሥር ተዘርግቶ ድምፁን የሚያጎላው ስስ የስፕሩስ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ዙሪያውን ስለተጣበቀ መሄጃ ያጣና የገዛ ቃጫውን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ታዲያ ከቀድሞው አንሶ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ከ200 በላይ የሆኑት ክሮች በድምሩ ወደ 20 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ፤ የተጠመጠሙባቸውን የብረት ካስማዎች ጨብጦ የያዘው እንጨት ሲደርቅ ይለቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሰኞ የተቃኘው እሑድ አይደርስም።

እኛ ያደግነው እርጥበትን እየፈራን እንጂ ድርቀትን እየፈራን አይደለም። በክረምት የሚሻግት ልብስና መጽሐፍ እናውቃለን፤ የከበሮ ቆዳ ሲላላም እሳት ዳር ይጠጋል። አማቼም በዚሁ ልማድ ፒያኖውን «እንዳይበርደው» ብሎ ከማሞቂያው አየር መውጫ አፍ ላይ አቆመው። ከቤተሰቡ የተቃወመ የለም። እህቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሥሩ አኖረች፤ ለዚያ ሰፊ ሳሎን እሱ ምን ሊሆን!

የእርጥበት መለኪያው እኮ በአሥርና በሃያ ዶላር ይገኛል። መላውን ቤት 45 በመቶ ላይ ማቆየት በዚያ ብርድ መስኮቱን ያላብሳል፣ ግድግዳውን ያሻግታል፤ ይህም እውነት ነው። ለዚህም ነው ፒያኖው ሥር የሚገጠም፣ ሲደርቅ የሚያረጥብ፣ ሲረጥብ የሚያደርቅ መሣሪያ የተሠራው። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። በዚያው ዓመት ለሳሎኑ የተገዛው ቴሌቪዥን ከዚያ ይበልጥ ነበር! (ቴሌቪዥኑ ዛሬም ደህና ነው።)

በኋላ የመጣው ሌላ ቃኚ መፍቻውን ካስማው ላይ አድርጎ ትንሽ አዞረና መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው መለሰ። ጥገናው ከፒያኖው ዋጋ በላይ ሆነ። በነፃ እንኳ የሚወስደው ጠፋ፤ አሜሪካ ውስጥ የሞተ ፒያኖ የሚወጣው ተከፍሎበት ነው። ልጅቷ እጇ በተፍታታበት ዓመት መጫወቷን ተወች፤ አሁን ዋና ትማራለች። መምህርቲቱ «እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ምን እንደተባሉ ለመስማት አልደፈርኩም።

ፒያኖውን ለማስወጣት የተከፈለው ገንዘብ ለዚያ እርጥበት አስተካካይ መሣሪያ ግዢ ምንም ያህል አይጎድለውም ነበር። ብርድ አገር ያላችሁ፣ ቤታችሁም ፒያኖ ያለ፣ ዘንድሮ ማሞቂያው ሳይከፈት መለኪያውን ግዙ፤ ፒያኖውንም ከአየር መውጫው አርቁት።