ጋፋት እና የግብረ ሰናዩ ገጽ

ጋፋት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሴባስቶፖልን ነው። መድፉን ከሠሩት መካከል ዋነኞቹ በዛሬ አጠራር የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ልጆች እንደ ነበሩ የሚያነሣው ግን ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር ባዝል ከተማ አጠገብ ያቋቋመው የቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች እያስተማረ፣ በሙያቸው እየኖሩ ወንጌል እንዲሰብኩ ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው እንዲህ መጥተው ደብረ ታቦር አጠገብ ሰፈሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱም እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ይህን ድርጅት በኢንሳይክሎፒዲያ እንጻፈው ብንል ማንን እንጠይቃለን? ሚሲዮኑ ራሱ ቢጽፍ ስብከቱንና የእጅ ሙያውን አስቀድሞ መድፉን በግማሽ መስመር ያልፈው ይሆናል። የንጉሡ ወዳጅ ቢጽፍ መድፉ ብቻ ይተርፋል። ሁለቱንም ሳይወግን የሚመዝን ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ሚሲዮኖቹ ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ይረዳል።

ነገሩን ያነሣሁት በእኅቴ ልጅ ምክንያት ነው። የሚሠራው እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ አንድ የልማት ድርጅት ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ ውክፔዲያ ላይ ስለ እኛ የተጻፈውን አሳምርልን» አለኝ። አነበብኩት። «ግንባር ቀደም»፣ «የብዙዎችን ሕይወት የለወጠ» ይላል፤ ማስረጃው ሁሉ የድርጅቱ የራሱ ድረ ገጽ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥመኝ መጀመሪያ ቅጽሎቹን አውጥቼ የቀረውን አያለሁ። እዚህ የቀረው ችግኝ መተከሉ ነበር። ስንት እንደ ተተከለ ይናገራል፤ ስንት እንደ ጸደቀ አይናገርም። የጋይንትም ሆነ የፋርጣ ገበሬ የሚጠይቀው ግን የጸደቀውን ነው።

ዓመተ ምሕረቱም አሳሳቢ ነበር። ድርጅቱ የሚተዳደረው በአዋጅ 621/2001 እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ያ አዋጅ ግን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተክቷል። ይህ የቁጥር ስሕተት ብቻ አይደለም። በአሮጌው ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የመብት ሥራውን የተወ ድርጅት ሁሉ፣ ሕጉ ካልተጠቀሰ፣ በገዛ ፈቃዱ «ትኩረቱን ወደ ልማት ያዞረ» መስሎ ይነበባል። አንባቢውም ገንዘብ ሰጪውም ይህንኑ ያምናል።

ልጁን «አንተ ራስህ ገብተህ አታርም» አልኩት። ደመወዝ ስለሚከፍለው ድርጅት የሚጽፍ ሰው ይህንኑ እንዲገልጽ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የውክፔዲያ ደንብ ያስገድዳል፤ ሐሳቡን በውይይት ገጹ አቅርቦ ሌላ ሰው እንዲያየው ማድረግ ይሻለዋል። እኔም አጎት ነኝና በዚያው በር ገባሁ፤ ዝምድናዬን ጽፌ።

«ጋሼ፣ ስለ እኛ የሚጽፍ ጋዜጣ ከየት ይምጣ? እዚህ ጋዜጠኛ የሚመጣው ጦርነት ሲኖር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ መልስ የለኝም። የመንደሩ ሰው የትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደ ደረቀ ያውቃል፤ ያልታተመ ዕውቀቱ ግን ኢንሳይክሎፒዲያ አይገባም። ደንቡ ጨካኝ ነው፤ ቢላላ ደግሞ ቀድሞ የሚገባው የመንደሩ ሰው ሳይሆን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ነው። ዋልድማየርንም የምናውቀው የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ስላሳተመ ነው፤ አብረውት ወናፍ የነፉት የጋፋት ሰዎች አልጻፉም።

አሁን ጽሑፉ አራት ዐረፍተ ነገር ሆኗል። ልጁ በማጠሩ አኩርፎኛል፤ የጸደቀውን ችግኝ ቁጥር ግን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅልኝ ተስማምቷል።