ከስንቁ ጋር የሚመጣው ጓደኛ

እሑድ ከሰዓት፣ ትምህርት ባለበት ወቅት፣ በደቡብ ወሎ ወደ መካነ ሰላም ከተማ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ስንቅ የተሸከሙ ልጆች ይታያሉ። በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ስለሌለ የቦረና ወረዳ ገበሬ ለልጁ ከተማ ቤት ተከራይቶ ያስተምራል፤ አንዷን ጠባብ ክፍል ሁለት ሦስት ሆነው ይኖሩባታል። እናት የልጇን ጓደኛ የምትሰማው ብዙ ጊዜ ከገበያ በተመለሰ ጎረቤት አፍ ነው፦ «ልጅሽን ከማን ጋር እንዳየሁት ታውቂያለሽ?»

ያኔ ተረቱ ይመዘዛል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች።

ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ጎረምሶች ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ አደጋን አብዝተው ደፍረዋል። በደቡብ ወሎ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ ዓረብ አገር የሄደች ጓደኛ ከጅዳ ትደውላለች፣ ደላላው ከስልኩ በኋላ ይከተላል።

ስለዚህ ወላጅ ይቆጣል፦ «ሁለተኛ ከእሱ ጋር እንዳላይህ!» ልጁም አይታይም። የኪራይ ክፍሏ በር ከወላጅ ዓይን የራቀ ነውና ጓደኝነቱ ይቀጥላል፣ የሚቀረው ወሬው ነው። በኔዘርላንድ 497 ታዳጊዎችን ለዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም ክልከላው ልጆቹን ከጥፋተኛ እኩዮች ጋር ይበልጥ እንዳቀራረበ አሳይቷል። አገራችንም በሌላ ጉዳይ ይህን አይታለች፤ በ2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ መሄድ ሲታገድ፣ ብዙዎች በጅቡቲና በየመን በኩል በስውር መንገድ ሄደዋል።

በስዊድን ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ቁም ነገር አሳዩ፦ ወላጆች ስለ ልጃቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ልጁ ራሱ ፈቅዶ ሲነግራቸው እንጂ ሲቆጣጠሩት አይደለም። የተቆጣ ቤት ደግሞ ወሬ አይነገረውም።

ለወሎ ሰው መፍትሔው ሩቅ አይደለም። «ቅዳሜ ስትመጣ ጓደኛህን ይዘኸው ና» ማለት ይበቃል። ቡናው ይፈላል፤ እንግዳው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ከተማ ውስጥ ማን እንደሚያበስልለት ይጠየቃል። አንዳንዴ ወላጅ የጠላው የልጁን ጠባይ ሳይሆን ድህነቱን ወይም እምነቱን ሆኖ ይገኛል፤ ይህን ለራስ ማመን ከባድ ነው፣ ግን ይገባል። ስርቆት ወይም ደላላ ካለበት ግን ዝምታ አይሆንም። ያኔም «እሱ ባለጌ ነው» ከማለት ያደረገውን ለይቶ መናገር፣ ከዚያ የዚያን ልጅ ወላጆችና የክፍል ኃላፊ መምህሩን ማነጋገር ይሻላል። የዚያ ልጅ ወላጆችም በወሬ ብቻ የሰሙት ሌላ ጓደኛ አለ፦ የዚህኛው ቤት ልጅ።

እሑድ ሲደርስ እናት በሶውን ለሁለት ትቋጥራለች። «አብሽር ልጄ፣ ይህኛው የአንተ ነው» ትለዋለች፤ እንግዳው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል።