በ46 ዓመት ታኬታ መግዛት

ወዳጆች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ጫማ ነው የምጽፈው። ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ እለፉት፣ አይመለከታችሁም። ከ40 በላይ ሆናችሁ፣ ኳስ ካቆማችሁ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አልፎ፣ ሰሞኑን እንደገና ሜዳ መውረድ ካማራችሁ ግን ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የኔን ነገር ላስቀድም። የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። 46 ዓመቴ ነው። የቢሮ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ባለፈው ዓመት ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ «ወይ ትንቀሳቀሳለህ፣ ወይ ኪኒን ትጀምራለህ» አለኝ። ከ14 ዓመት በኋላ ወደ ኳስ የመለሰኝ ይኸው ነው። ሰፈራችን ያለው ጤና ቡድን ውስጥ ገባሁ።

ጤና ቡድን ምን እንደሆነ አዲስ አበባ ጃን ሜዳን በጠዋት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቦርጭ ያወጡ አባወራዎች ተሰብስበው የሚራወጡበት፣ ከሩጫው ክርክሩ የሚበዛበት ማኅበር ነው። የኛም እንደዚያው ነው። የሚለየው ፀሐዩ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ እንበተናለን።

ቡድኑ ሲቀበለኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታኬታ አለህ?» የሚል ነበር። ገበያ ወጣሁ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ከመርካቶ የሚመጣው አዲሱ ነው። ብርቱካናማ፣ ሎሚ መሳይ፣ ሮዝ። ጎኑ ላይ የታወቀ ድርጅት ምልክት አለው፤ አብዛኛው ግን አስመስሎ የተሠራ ነው። ሌላው ሰልባጅ ነው፤ ፈረንጅ ለብሶ የጣለው፣ አንዳንዴ ዕድል ከቀናችሁ እውነተኛ ቆዳ። ሻጩ ልጅ አዲሱን አንስቶ፣ ጎንበስ ቀና አድርጎ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ይቺ የኤምባፔ ናት። በሷ ከሮጡ ማንም አይደርስብዎትም» አለኝ። ሳቅሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ውስጤ ያለው የ22 ዓመት ልጅ ጆሮውን ቀስሮ ነበር።

የጽሑፌ ነገር እዚህ ላይ ነው። በኛ ዕድሜ ገበያ ቆሞ ጫማ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ነው። የሚለብሰው ግን የዛሬው ሰውዬ ነው፤ የሚሰበረውም እሱ ነው።

ይህ ነገር የኳስ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ፈረንጆቹ ጎልፍ የሚመቱበት ራሱ ብረት የሆነ ዱላ አላቸው፤ አይረን ይሉታል። ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ የሚይዙት ጀርባው ድፍን፣ ራሱ ቀጭን የሆነውን ነው። ኳሱን በትክክል መሐሉ ላይ ለመታ ሰው ይታዘዛል፤ ትንሽ ለሳተ ግን ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካርስተን ሶልሃይም የሚባል መሐንዲስ ከጀርባው ብረቱን አጎድጉዶ ክብደቱን ወደ ጠርዝ የበተነ ዱላ ሠራ። መሐሉን የሳተ ምትም ብዙ ሳይጠም ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ወደ ጎልፍ የሚመለስ ጎልማሳ የሚነገረው ምክር ታዲያ አንድ ነው፤ ስሕተትህን የሚሸከምልህን ዱላ ምረጥ። እኛ ዱላ የለንም። የኛ ዱላ ጫማችን ነው። ምክሩ ግን ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ የሚታየው ሜዳው ነው። የኛ ሜዳ ሣር የሚባል ነገር ጠርዙ ላይ ነው ያለው። በበጋ አፈሩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ያው መሬት እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። ታኬታ ከሥሩ ባሉት ጥርሶች ይለያያል፤ የሚበጀንንም የሚወስነው ይኸው ነው። ሳጥኑ ወይም የጫማው ሶል ላይ ሁለት ፊደል ታገኛላችሁ። ኤስ ጂ የሚለው ለጭቃ ነው፤ ጥርሱ ረጅም፣ ቁጥሩ ጥቂት፣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ብረት ነው። ኤፍ ጂ የሚለው ለደህና ሣር ነው፤ መካከለኛ ጥርስ። ኤ ጂ ለሰው ሠራሽ ሣር ነው። ቲ ኤፍ የሚለው ደግሞ ከሥሩ በርካታ አጫጭር የጎማ ጥርሶች ያሉት ነው።

ረጅም ጥርስ ጥቅም የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1954 በርን ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምዕራብ ጀርመን ሃንጋሪን ከ2 ለ0 መመራት ተነስታ 3 ለ2 ስታሸንፍ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አዲ ዳስለር የሠራላቸው ጫማ ጥርሱ እየተፈታ የሚቀየር ስለነበር ለጭቃው ረዘም ያለውን አስገብተው ነበር። ግን ያ የበርን ጭቃ ነው። የየካቲት ጋምቤላ ላይ ያንኑ ብታደርጉ ጥርሱ መሬት አይገባም። ስድስት ጠጠር ላይ ቆማችሁ እንደመሮጥ ነው። ክብደታችሁ በሙሉ እነዚያ ነጥቦች ላይ ያርፋል፤ ውስጥ እግራችሁ ይቃጠላል። ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይባስ ብሎ መሬቱን ነክሶ ይይዛል። ሰውነት ዞሮ እግር ሳይዞር ሲቀር ጭነቱ የሚሄደው ወደ ጉልበት ነው። አጫጭርና ብዙ ጥርስ ግን ክብደቱን ይበትናል፤ ስትዞሩም አብሮ ይንሸራተታል። ትንሽ መንሸራተት ለ20 ዓመት ልጅ ጉዳት ነው፣ ኳስ ያስነጥቀዋል። ለኛ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ተረከዝ ነው። አብዛኛው ታኬታ ሶሉ ጠፍጣፋና ስስ ነው፤ ተረከዝ ላይ የሚረግጡት ስፖንጅ የለውም። ቀኑን በቢሮ ጫማ ወንበር ላይ የዋለ ሰው የባት ጅማቱ አጥሮ ደርቋል። በጠፍጣፋ ጫማ ድንገት ሲፈተለክ ከተረከዝ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት ይወጠራል። ይህ ጅማት በብዛት የሚበጠሰው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ፣ በሳምንት አንዴ በሚጫወቱ ወንዶች ላይ ነው። ይኸውላችሁ፣ እኛን ነው የሚጠራው።

አብሮን የሚጫወት አንድ ወዳጄ ኳስ ሊያሳድድ ሲነሳ ከኋላው በካልቾ የተመታ መሰለው። ተቆጥቶ ዘወር ሲል ማንም የለም። ጅማቱ ነበር። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ታከመ። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በባጃጅ ነው፤ የባጃጅ ፍሬን በቀኝ እግር ነው፣ የተበጠሰውም ቀኙ ነው። ባጃጁ ለወራት ቆመ። ጫማው ብቻውን ነው ያደረገው አልልም፤ ሳያሟሙቅ ነበር የገባው። ግን በደረቅ ሜዳ ላይ ባለ ረጅም ጥርስ፣ ስስ ሶል ጫማ አድርጎ እንደነበር አይቻለሁ። ቲ ኤፍ የሚባለው ጫማ ብዙውን ጊዜ ተረከዙ ሥር እንደ መሮጫ ጫማ ስፖንጅ አለው። በጣታችሁ ተጫኑት፤ እሺ ካለ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ስፋት ነው። ብዙዎቻችን በባዶ እግር ነው ያደግነው፤ እግራችን ፊቱ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ከዕድሜ ጋር የውስጥ እግር ጎድጓዳው ስለሚወርድ እግር ይረዝማል፣ ይሰፋል። በወጣትነታችሁ 42 ብትሆኑ ዛሬ 43 ልትሆኑ ትችላላችሁ። በሙቀት ደግሞ ያብጣል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የምትጫወቱበትን ካልሲ አድርጋችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሁለቱንም እግር። «ቆዳ ነው፣ ይለጠጣል» ብሎ ሻጩ ቢምል አትስሙት። ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል፤ ወደ ፊት ግን አይረዝምም።

አራተኛው የተሠራበት ነገር ነው። ቆዳ እግር ይለምዳል፤ ፕላስቲክ ግን እግርን ራሱን እንዲለምድ ያስገድደዋል። አዲዳስ እ.ኤ.አ. ለ1982 የስፔን ዓለም ዋንጫ ያዘጋጀው ኮፓ ሙንዲያል ለአሥርት ዓመታት ከካንጋሮ ቆዳ ይሠራ የነበረ ጥቁር ጫማ ነው፤ እስከ ዛሬ ጎልማሶች የሚፈልጉት ስለሚለሰልስ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከቆዳውም በላይ ጠላታችን ሙቀት ነው። ማስቲሹ ይለቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሶሉ አፉን ይከፍታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገና አንድ ቀን ሳትጫወቱበት ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ ዙሪያውን አሰፉት። ስትታጠቡት ደግሞ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አትስጡት።

እኔ የያዝኩት ሰልባጅ ነው። ጥቁር፣ ፊቱ ቆዳ፣ ከሥሩ አጫጭር ጎማ። ቤት ይዤው ስገባ ልጄ አገላብጦ አየውና «አባዬ፣ ይሄ የአስተማሪ ጫማ ነው» አለኝ። እሱ 17 ዓመቱ ነው፤ የሚያልመው ሌላ ነው። ማለምም አለበት። ኡመድ ኡኩሪን ግብፅ ድረስ፣ ጋቶች ፓኖምን ሩሲያ ድረስ ያደረሰች ምድር ላይ ነው የሚጫወተው። ለሱ ጫማ ማለት ፍጥነት ነው። ለኔ ግን ጫማ ማለት ሰኞ ደረጃ ሳላነክስ መውጣት ነው።

«ሮጀር ሚላ እኮ በ42 ዓመቱ በዓለም ዋንጫ ጎል አግብቷል» የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። አግብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሩሲያ ላይ። ግን ለሚላ ኳስ ሙያው ነበር፤ የቡድን ሐኪምም ነበረው። ሰኞ ጠዋት ፋይል ይዞ ቢሮ አይገባም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ልጅ ደብተር በሚፈልግበት ቤት አባት ለራሱ ታኬታ ይገዛል?» ባለቤቴም በሌላ ቃል ይህንኑ ጠይቃኛለች። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው አያቃልለውም። የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነው፤ የግፊት ኪኒን በየወሩ ነው የሚገዛው፣ ጫማው በሁለት ዓመት አንዴ። የባጃጁን ወዳጃችንንም አስታወስኳት። ርካሹ ጫማ ያስከፈለውን ታውቃለች።

ያልነገርኳት ግን አንድ ነገር አለ፤ ለናንተ ልናገረው። ጋምቤላ ከተማ በተለያየ ጊዜ ምን እንዳሳለፈች ታውቃላችሁ። ግጭት ሲነሳ መጀመሪያ ጭር የሚለው ሜዳው ነው። ሰው ወደየሰፈሩ ይሰበሰባል፤ አኙዋው እዚያ፣ ኑዌሩ እዚህ፣ ደገኛው በሱቁ። በሥራ ቀን ቢሮ ውስጥ እንገናኛለን፣ ሰላምታም አለ። ግን የቢሮ ሰላምታ ጥንቃቄ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከኒውላንድ የሚመጣው ኳስ ሲያሳጣኝ «አንተ ሽማግሌ፣ ተኝተህ ነው?» ብሎ ይጮኽብኛል። እኔም እመልስለታለሁ። ከዚያ ከአንድ ጆግ ውኃ እንጠጣለን። በዚህ ከተማ ሳንጠነቀቅ የምንናገርበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ። ሜዳው ጭር ካለ በኋላ እንደገና ለመሰብሰብ ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ አምስት ሰው፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ሙሉ ይሆናል። የሚመጡት ደግሞ እግራቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው። ጉልበቱን አሟሽሾ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ለዚያ ቁጥር አይደርስም።

ስለዚህ ጫማ ስትመርጡ ራሳችሁን «በዚህ እንዴት እጫወታለሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከሁለት ዓመት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ያገኙኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብዛዛው፣ ሰፊው፣ ባለ አጭር ጥርሱ ጫማ ያኔ ያምርባችኋል። ከጫማው በፊት ደግሞ የደም ግፊትና ስኳራችሁን ተለኩ። የመጀመሪያውን ወር 20 ደቂቃ ብቻ ተጫወቱና ውጡ፤ አሥር ደቂቃ ሳታሟሙቁ አትግቡ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ከቡድናችን አንዱ ቁመተ ረጅም ነው፤ እግሩ 47 ቁጥር ነው። እዚህ ገበያ ፈልገን አጣንለት፤ የፊቱ በተቀደደ ሸራ ጫማ ነው እየተጫወተ ያለው። ጥሩ በረኛ ነው፣ ማጣት አንፈልግም። አዲስ አበባም ይሁን ጅማ፣ ቲ ኤፍ 47 ቁጥር የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጻፉልኝ። ሰው ሲመጣ እናስመጣለታለን።